በአንድ ፎቶ ላይ ሁለት ቦታ የቆመው ወንድሜ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ፎቶ እሰፋለሁ» እላለሁ። «አሰፋለሁ ማለትሽ ነው?» ብለው ያርሙኛል። አይደለም፤ እሰፋለሁ ነው ያልኩት፣ እንደ ልብስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰፊ ቦታ በአንድ ፎቶ አልገባ ሲል ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞሩ ደጋግመው ያነሱታል። እያንዳንዱ ፎቶ ከፊተኛው ፎቶ ሲሶ ያህሉን መድገም አለበት። ከዚያ ኮምፒውተሩ የተደጋገመውን ቦታ እየፈለገ አንዱን በአንዱ ላይ እያስተኛ ያገጣጥማቸዋል። መጋጠሚያው ካልታየ ፓኖራማው ተዋጣ ማለት ነው። የሚያስቸግረው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። መኪና ግማሹ ይቀራል፣ ውሻ በሦስት እግሩ ይቆማል፣ ሰው ደግሞ ካሜራው በሚዞርበት አቅጣጫ ከተራመደ በአንድ ፎቶ ላይ ሁለት ቦታ ይወጣል። እኛ ይህን ስናይ እንስቃለን፣ እናጠፋዋለን፣ እንቀጥላለን። አንድ ሐሙስ ግን ያየሁትን ማጥፋት አቃተኝ። እሱን ነው የምነግራችሁ።

ስሜ ድንቅነሽ ነው፤ ቤት ውስጥ ድንቄ ይሉኛል። ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ጉርድ ሾላ አንድ የህትመትና የፎቶ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ ማታ ጎሮ ወደ እናቴ ቤት እገባለሁ። ጓደኞቼ «እስከ መቼ ነው ከእናትሽ ጋር የምትኖሪው?» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም ቶሎ የምቆጣ ነኝና «እናቴ ነች ከእኔ ጋር የምትኖረው» እላቸዋለሁ። እውነትም እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ። ጣራው ሲያፈስ ሠራተኛ ፈልጌ የማመጣው እኔ ነኝ፤ የበሩ ቀለም ሲላጥ ቅዳሜዬን ሰጥቼ የምቀባው እኔ ነኝ።

አባታችን ከሆሳዕና መጥቶ ያን ቦታ ሲይዝ ጎሮ ገና ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነበር አሉ። ቤቱን በአንዴ አልሠራውም፤ እጁ ላይ ጥቂት ነገር ሲገባ አንድ ክፍል፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ክፍል እየቀጠለ ነው። ስለዚህ የአንዱ ክፍል ወለል ከሌላው ጋር እኩል አይደለም፤ እንግዳ ሁሉ ሳሎን ሲገባ ይደናቀፋል፣ እኛ ደግሞ በእንግዳ እንስቃለን። ከጓሮ እንሰት ተክሏል። ችግኙን ከአገሩ በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖ ነው ያመጣው። አባዬ ካረፈ በኋላ እማዬ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታየው እንሰቱን ሆነ።

ልጆቹ ሁለት ነን፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን። ጌታሁን ትዳር ይዞ አያት ነው የሚኖረው። አባዬ ሲሞት የቤቱን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ያስፈልግ ስለነበር እኔም እናቴም ለእሱ ውክልና ሰጠነው። አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቅኩም። ወንድሜ አይደል? ትምህርት ቤት እጄን ይዞ የወሰደኝ፣ ልጆች ሲመቱኝ የተጣላልኝ እሱ ነው።

በዚያው ዓመት ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ ተጠናቀቀ። እማዬ ፀሐያችንን ወሰደብን እያለች ታማርራለች። እኔ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከጣራው ላይ ሆኖ ግቢያችንን፣ ሰፈሩን፣ እስከ ኮተቤ ተራራ ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ ሰፊ ፓኖራማ ላነሳው፣ አትሜ በትልቅ ፍሬም ላስገባው፣ ለፋሲካ ሳሎን ግድግዳ ላይ ልሰቅልላት። ለማንም አልተናገርኩም። ሰርፕራይዝ ነዋ! የሕንጻውን ዘበኛ አስቀድሜ ለመንኳቸው፤ የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ በነጻ ስላሳመርኩላቸው እምቢ አላሉኝም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሌሊቱን ዘንቦ ሲያድር ሰማዩ ታጥቦ ወጣ። እንዲህ ያለ አየር በየቀኑ አይገኝም። እናቴን «ቻው፣ ሥራ ሄድኩ» ብዬ ወጣሁ፤ ዞሬ ወደ ሕንጻው ገባሁ።

«ልጄ፣ ንፋሱ እንዳይጥልሽ» አሉኝ ዘበኛው የጣራውን በር ሲከፍቱልኝ።

«አይጥለኝም ጋሼ፣ እርስዎ ይውረዱ፣ ብርድ ነው።»

ትራይፖዱን ተከልኩ። ገና ካሜራውን ሳስተካክል ስልኬ ጠራ። ጌታሁን ነው።

«ድንቄ፣ ሥራ ገባሽ?»

«አዎ ገብቻለሁ» አልኩ። ሰርፕራይዜን ለእሱም መንገር አልፈለግኩም። «አንተስ?»

«እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ትናንት ነው የወረድኩት። ሰላም መሆንሽን ልጠይቅ ብዬ ነው። በቃ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ደስ አለኝ። ሐዋሳ ሄዶ እንኳን ያስበኛል ብዬ።

ሁለት ረድፍ ነበር የማነሳው፤ የላይኛው ለሰማዩና ለተራራው፣ የታችኛው ለግቢያችን። የላይኛውን ጨርሼ ወደ ታችኛው ዞርኩ። ከበሩ ጀመርኩ። ግቢው ውስጥ ሰዎች እንዳሉ አይቻለሁ፤ ግን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ጠዋት እኛ ቤት የሰፈር እናቶች ለጸሎት ይሰበሰባሉ። ሥራ አርፍጄ በምገባባቸው ሳምንታት እኔም አብሬያቸው እንበረከካለሁ። ስለዚህ ማን ገባ ማን ወጣ ብዬ አላየሁም። ዓይኔ ደመናው ላይ ነበር። አንዲት ጉማጅ ደመና መጥታ ፀሐይዋን ስትጋርድብኝ ቆሜ ጠበቅኳት፤ ብርሃኑ ከፎቶ ፎቶ ከተለያየ መጋጠሚያው ያስታውቃል። ስታልፍ ቀጠልኩ። ጨረስኩ። እየዘመርኩ ነበር ከሕንጻው የወረድኩት።

ከምሳ በኋላ ሥራ ቀለል ሲል ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኳቸው። የታችኛውን ረድፍ ወደ ስልኬም ላክሁት። አጠገቤ የምትሠራው ሰላም ወንበሯን ስባ መጣች። ፕሮግራሙ እየፈለገ፣ እያስተኛ፣ እየገጠመ ቆየና ሙሉ ምስሉን አወጣው። ተራራው፣ ሰማዩ፣ የኛ ቆርቆሮ ጣራ፣ እንሰቱ። አምላኬ፣ እንዴት ያምር ነበር!

«አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ወገቡ የት ሄደ?» አለች ሰላም እየሳቀች።

እውነትም ከእንሰቱ አጠገብ አንድ ሱሪና ጫማ ብቻ ቆሟል። ከወገብ በላይ የለም። እኔም ሳቅኩ። የተለመደ ነው፤ ሰውየው በአንዱ ፎቶ ላይ አለ፣ በሚቀጥለው የለም፣ ፕሮግራሙ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ ወስዷል። ለማጥፋት ምስሉ የተሰፋባቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። የጸሎት እናቶች መሀል ወንድ ምን ይሠራል? አጎላሁት። አንገቱ ላይ ረጅም ሜትር አንጠልጥሏል። ሌላ ሰው ደግሞ ከአጥራችን ጥግ ቆሞ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

«ቀያሾች ናቸው» አለች ሰላም። «ቤት ልትሸጡ ነው እንዴ?»

«አብደሻል? ጎረቤት ድንበር እያስለካ ይሆናላ!»

ወደ በሩ ፎቶ ተመለስኩ፤ የገቡበትን ልይ ብዬ። በሩ አጠገብ አንድ ሰው እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ያለበት ቡኒ ጃኬት ለብሷል። ያንን ጃኬት እኔ ነኝ የገዛሁለት። አጎላሁት። ጌታሁን ነው።

ቀጣዩን ፎቶ ከፈትኩ። ጌታሁን በሩ ላይ የለም። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ደመናዋን ከጠበቅኩ በኋላ ያነሳሁትን ከፈትኩ። ጌታሁን ከጓሮ በኩል እንሰቱን በጣቱ እያሳየ ቆሟል። ካሜራዬ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር እሱም ከግራ ወደ ቀኝ ሄዷል። በሙሉው ምስል ላይ ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ አንዱ ጌታሁን በር ይጠብቃል፣ ሌላው ጌታሁን ጓሮ ያሳያል።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ አላነሳሁም።

«ወዬ ድንቄ!»

«ጌታሁን፣ የት ነህ?»

«ሐዋሳ ነኝ አልኩሽ እኮ። ሙቀቱ አይጣል ነው! ምነው፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ጠዋትም እዚያው ነበርክ?»

«የት እሄዳለሁ ታዲያ? ነገ እመጣለሁ። ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም» ብዬ ዘጋሁት። ሰላም ፊቴን አይታ ወንበሯን ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ መለሰች።

በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ ተደብቆ የእናቴን ቤት ሊሸጥባት ነው። ውክልናው በእጁ ነው። እናቴ ውስጥ ሆና ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ እሱ ከውጭ ግቢውን ያስለካል። አለቃዬን «አሞኛል» ብዬ ወጣሁ። የጎሮ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጬ የምላትን እያዘጋጀሁ ሄድኩ። እማዬ እንዳትደነግጪ፣ እኔ አለሁ፣ ማንም ከቤትሽ አያስወጣሽም። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ጠይቆኝ አልሰማሁትም።

ስደርስ እናቶቹ ሄደዋል። እማዬ ሳሎን ተቀምጣ የጸሎት ምንጣፎቹን ታጣጥፋለች።

«ምነው በጊዜ መጣሽ?»

«እማዬ፣ ጌታሁን ዛሬ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«ጌታሁን? ሐዋሳ አይደል እንዴ?»

ምስኪን እናቴ፣ ምንም አታውቅም ብዬ አሰብኩ። አጠገቧ ተንበርክኬ ስልኬን ሰጠኋት። «ይሄን እይ። በጌታ፣ እንዳትደነግጪ።»

መነጽሯን አደረገች። ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው። ኡኡ ትላለች፣ ልጄ ምን አደረገኝ ትላለች ብዬ እጇን ልይዝ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ምን አለች መሰላችሁ?

«ይሄን ከየት ሆነሽ ነው ያነሳሽው?»

ይሄ ሰው እዚህ ምን ይሠራል አላለችም። ሜትሩ ምንድን ነው አላለችም። ከየት ሆነሽ አነሳሽው። ልቤ ወዲያው ሰማ፤ ጭንቅላቴ ግን ገና አልደረሰም ነበር። ያንን ጥያቄ የሚጠይቀው የተያዘ ሰው ነው።

መልስ ሳልሰጣት እሷ ራሷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ጎተተች፤ የልጅ ልጆቿን ፎቶ እንደምታየው። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ፣ የመጨረሻው መጣ። ሥራ ቦታ በጥድፊያ ሳላየው የወጣሁት እሱን ነበር። የሜትሩ ሌላኛው ጫፍ እዚያ ፎቶ ላይ ነው። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት የቤቱ ጀርባ ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ፣ የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ይቺ ማናት እማዬ?» አልኩ።

ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ማስረዳት ጀመረች። ቦታው ላይ ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች መጥተዋል፤ ጌታሁን ተነጋግሯል፤ ሲያልቅ ለእሷ ደረጃ የማትወጣበት አንድ አፓርታማ ይሰጧታል፤ ጣራው ማፍሰስ አይኖር፣ በር መቀባት አይኖር።

«እኔስ?» አልኩ።

«ልነግርሽ ነበር ድንቄ። አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። አንቺ ካለቀስሽ እኔ አልጨክንም። ጌታሁንም እሱን አውቆ ነው፣ እስኪያልቅ ዝም በይ ያለኝ።»

እንግዲህ ምን እላለሁ? ላድናት ከጉርድ ሾላ እየበረርኩ የመጣሁላት እናቴ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ነበር። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳና እትዬ ብርሃኔ ገቡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ የጸሎቱ ቡድን መሪም እሳቸው ናቸው። ጠዋት መነጽራቸውን ረስተው ነው የተመለሱት። ሲገቡ እንደ ሁሉም ሰው ሳሎን ደጃፍ ላይ ተደናቀፉ፤ ማንም አልሳቀም።

«ድንቄ መጥተሻል! ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን! ሰዎቹ ለክተው ጨረሱ አይደል? ይኸው፣ የጸለይንበትን አደረገው!»

እናቴ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው፤ እሳቸው ግን መነጽር የላቸውም።

«በምኑ ነው የጸለያችሁት እትዬ ብርሃኔ?»

«በቤቱ ነዋ ልጄ! ስንት ወራችን! አንቺ ደግሞ ትጠይቂኛለሽ? ከሁላችንም በላይ እያለቀስሽ የጸለይሽ አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ?»

እትዬ ብርሃኔ ወደ እናቴ ዞሩ። «ነግሬያታለሁ አላልሽኝም?»

እናቴ ምንጣፉን ደግማ ማጣጠፍ ጀመረች። የታጠፈውን።

እዚህ ላይ የእኛን የጸሎት ልማድ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከመጸለያችን በፊት እያንዳንዱ ሰው የጸሎት ርዕሱን ያቀርባል። አንዷ ልጄ ፈተና አለው ትላለች፣ ሌላዋ ባሌ ሥራ አጣ ትላለች። በአፏ ልትናገረው የማትችለው ጉዳይ ያላት ደግሞ «ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ» ትላለች። ያኔ ማንም ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይላታል። እናቴ እኔ በሌለሁባቸው ሐሙሶች ቤቱን በስሙ ጠርታ ታስጸልይ ነበር። እኔ በተገኘሁባቸው ሐሙሶች ደግሞ «ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ» ትላለች። እኔ የመሰለኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሽታ ነው። እናቴ ክፉ በሽታ ይዟት የደበቀችኝ መስሎኝ፣ መጠየቅ ፈርቼ፣ ምንጣፉ ላይ ተደፍቼ እንባዬን አፈስስ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ የእናቴን ጉዳይ ፈጽምላት! በፊቷ የቆመውን እንቅፋት ሁሉ አንሳላት!» እያልኩ እጮሃለሁ። እናቶቹ አሜን ይላሉ። ጉዳዩን የሚያውቁት እነሱ፣ አሜን የሚሉት እነሱ።

እንቅፋቱ እኔ ነበርኩ። አንሳላት እያልኩ በራሴ ላይ ስጸልይ ነው የከረምኩት።

በማግስቱ ጌታሁን መጣ። «ከሐዋሳ» መምጣቱ ነው። በእጁ አንድ ፌስታል ሙዝ ይዟል። እናቴ ደውላ እንዳላስጠነቀቀችው ከፊቱ አወቅሁ፤ ምናልባት ለእሱም አፏ ላይ ደርሶ ተመልሶ ይሆናል። ላፕቶፔን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ጠበቅኩት።

«ና ጌታሁን፣ ለእማዬ ያዘጋጀሁትን ስጦታ እይልኝ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ዋው! ድንቄ፣ አንቺ እኮ... ይሄ ሁሉ የኛ ሰፈር ነው?» ጣቱን ከተራራው ጀምሮ እያወረደ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ማነው?» አልኩት።

«...እኔ ነኝ።»

«ይሄስ? እንሰቱ ጋ ያለው?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ሐዋሳ ያለውስ?»

ሙዙን መሬት ላይ አስቀመጠ። ታላቅ ወንድሜ ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እመኑኝ፣ ያን ጊዜ ይቅርታ ቢለኝ አልቅሼ አንገቱ ላይ እጠመጠም ነበር። እሱ ግን ተቆጣ። «ምን ላድርግሽ? ብነግርሽ ይሄን ድራማ ልትሠሪ አይደል? ቤቱ እየፈረሰ ነው! እማዬ አርጅታለች! አንቺ ደግሞ ስሜታዊ ነሽ፣ በእንባሽ ታስቀሪናለሽ!»

«የአባዬ ቤት አይደል? እኔስ የት እንድኖር ነው ያሰባችሁት?»

«አንቺማ ነገ ታገቢያለሽ!»

የሚያገባኝ ሰው አልነበረም። እጮኛ የለኝም፤ እሱም ያውቃል። ለእናቴ አፓርታማ ታስቧል፣ ለእሱ ድርሻ ታስቧል፣ ለእኔ የታሰበልኝ ገና ያልተወለደ ሊሆን የሚችል ባል ነው። ወደ እናቴ ዞርኩ። አንድ ቃል እንድትናገር ነበር የፈለግኩት። «ተዋት» እንኳን ብትለው ይበቃኝ ነበር። እናቴ ሙዙን አንስታ ወደ ማዕድ ቤት ወሰደችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አይደለም። ውክልናው ሕጋዊ ነው፣ የተባለው ሁሉ ሆነ። ከመልቀቃችን በፊት እናቴ አንድ ቀን ቀስ ብላ መጣችና «ያንን ፎቶ ጨርሺልኝ፤ ሰዎቹን ግን አጥፊልኝ፣ ግቢው ብቻ ይቅር» አለችኝ። ማጥፋቱ ለእኔ ቀላል ነው። ፎቶዎቹ ስለሚደራረቡ ሰው የቆመበት ቦታ በሌላኛው ፎቶ ላይ ባዶውን አለ፤ ባዶውን ከላይ ማድረግ ብቻ ነው። አላጠፋሁም። ከወገብ በላይ የሌለውን ሰውዬ ብቻ ሙሉ አድርጌ ሰፋሁት። ጌታሁንን ሁለቱም ቦታ ተውኩት፣ እናቴንም ከነሜትሯ ተውኳት፣ አትሜ ሰጠኋት። ጠቅልላ ቁም ሣጥን ኋላ አስቀመጠችው። ፋሲካም አለፈ።

አሁን ቦሌ ሚካኤል አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከጀርባዬ ብረት ቤት አለ፤ ጠዋት በመቁረጫው ጩኸት እነሳለሁ። እናቴ ፎቁ እስኪያልቅ ድረስ አያት ጌታሁን ቤት ናት። ፎቁ ገና መሠረቱ ላይ ነው ያለው። እንሰቱን ነቅለን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን ተብሎ ነበር፤ የማሽኑ ሰውዬ ቀድሞ ገባ። ከወንድሜ ጋር በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፣ ከዚያ የምንጨምረው ነገር ያልቅብናል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት «ቤት ነው እንጂ ሰው አልሞተ፣ ምን ይሄን ያህል ያስመርራል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ቤት ይሸጣል። ቢነግሩኝ አለቅስ ነበር፣ እጣላ ነበር፣ አንድ ሳምንት አኩርፌ መጨረሻ ላይ እሺ እል ነበር። እናቴ ደረጃ እንዳትወጣ እኔም እፈልጋለሁ። ያቃጠለኝ እሺ የማለት ዕድሉን መንሳታቸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን፣ ምንጣፍ ተነጥፎ የተጸለየበትን ነገር፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ የተንበረከክሁት እኔ ብቻ ሳላውቅ መቅረቴ ነው። እግዚአብሔርን አልተቀየምኩም፤ እሱንም የተጠቀሙበት ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። በአዲሱ ቤተ ክርስቲያኔ የጸሎት ቡድን ውስጥ ሰው «ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ» ሲል እኔ ዓይኔን አልጨፍንም። «ምንድን ነው ጉዳዩ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ይደነግጣል፣ መሪያችንም ለብቻዬ ጠርቶ መክሮኛል። እናንተም የምትወዱትን ሰው ጠይቁ እላለሁ። ነውር ነው ቢሏችሁም ጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጌታሁን ልጆች አወራን። ልትዘጋ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ድንቄ፣ ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ። ጸልይልኝ።»

«እማዬ፣ ጉዳዩን ካልነገርሽኝ አልጸልይም» አልኳት።

ከኋላዋ የጌታሁን ልጆች ሲጫወቱ ይሰማኛል።

«ቤቴ ናፈቀኝ» አለች። «ጠዋት ስነሳ የማየው ነገር አጣሁ። ጌታ ይሄን ከልቤ እንዲያወጣልኝ ነው።»

ስልኩን አልዘጋሁባትም፣ ጥርሴን ነክሼ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ቆየሁ። መጸለይ ግን አልቻልኩም።